ታግ በአንባቢ እጅ

ታግ ማለት አንድ ነገር በኋላ እንዲገኝ የሚለጠፍበት አጭር መለያ ቃል ነው። ድረ ገጽን በየመልኩ መመደብ ግን ድሮ የአርታኢ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ዲሞዝ የተባለ ማውጫ በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር፤ በጎ ፈቃደኛ አርታኢዎች ገጹን አይተው አስቀድሞ በተዘጋጀ መደብ ሥር ያስገቡታል። ኢንተርኔቱ ሲሰፋ ግን ሥራው ከአቅም በላይ ሆነ። ማውጫው በ2017 ተዘጋ።

ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ለፍለጋ ሞተር የሚናገሩትን ቁልፍ ቃላት የገጹ ባለቤት ራሱ እንዲጽፍ መተውም ተሞክሯል። ይሄኛው ገና በጊዜ ተበላሸ። ሰው እንዲጎበኘው ብሎ ከገጹ ጋር ምንም የማይገናኝ ቃል ሁሉ የሚጠቀጥቅ በዛ። ጉግል በ2009 እነዚህን ቃላት ለውጤት አሰጣጥ እንደማይጠቀምባቸው በይፋ ተናገረ።

ታዲያ ለምን ለአንባቢው አይተውም? ጆሹዋ ሻክተር በ2003 የጀመረው ዴሊሽየስ የተባለ የሊንክ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ያደረገው ይህንኑ ነው። ተጠቃሚው የወደደውን ሊንክ ያስቀምጥ ነበር፣ አጠገቡ ደስ ያለውን ታግ ይጽፍ ነበር፣ አለቀ። የተፈቀደ የቃላት ዝርዝር አልነበረም። የመረጃ አደረጃጀት ባለሙያው ቶማስ ቫንደር ዋል በ2004 ይህን አሠራር ፎክሶኖሚ አለው። ዴሊሽየስን ደግሞ በ2005 መጨረሻ ያሁ ገዛው።

አንድ የፕሮግራሚንግ ትምህርት ገጽ እንውሰድ። አንዱ «ፓይተን» ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው «ፕሮግራሚንግ»፣ ሦስተኛው «ለጀማሪ»፣ አራተኛው «በኋላ_የማነበው»። «ፓይተን» የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስም ነው፣ ብቻውን ግን እባብም ሊሆን ይችላል፤ «ፕሮግራሚንግ» አጠገቡ ሲመጣ ግን ጥርጣሬው ያበቃል። «ለጀማሪ» የሚለውን ምናልባት አርታኢው አያስበውም ነበር፣ ፈላጊው ግን የሚፈልገው እሱኑ ነው። አራተኛው ለጻፈው ሰው ብቻ ነው የሚጠቅመው። ሰው ሲበዛ እንዲህ ያለው የግል ቃል ወደ ታች ይወርዳል፣ የጋራው ከላይ ይቀራል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ስኮት ጎልደርና በርናርዶ ሁበርማን የዴሊሽየስን መረጃ ሲያጠኑ፣ አንድ ሊንክ ወደ 100 ጊዜ ያህል ከተቀመጠ በኋላ የታጎቹ ድርሻ ብዙም እንደማይለዋወጥ አይተዋል። አንዱ ምክንያት ሰው ከሰው መቅዳቱ ነው፤ ሲስተሙ ራሱ ሌሎች የተጠቀሙበትን ቃል ይጠቁም ነበር። ስለዚህ ስምምነቱ ሁሌም የነጻ ሐሳብ ውጤት ነው ማለት ይከብዳል።

ሰው ለምን ይደክማል? ለራሱ ብሎ ነው፣ በኋላ ዕቃውን መልሶ እንዲያገኝ። ላይብረሪቲንግ በተባለ የመጻሕፍት መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ አንባቢዎች የገዛ መጻሕፍታቸውን ስለሚመዘግቡ ታጉ እንደ ጉድ ተትረፈረፈ፤ አማዞን ሸማቾቹን የሱቁን ዕቃ ታግ አድርጉልኝ ሲል ግን ያን ያህል አልሆነለትም። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚህ መስክ የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው።

የራስ ጥቅም ከሌለ ሌላ ማባበያ መፈለግ ግድ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሉዊስ ቮን አን ታግ መጻፉን ጨዋታ አደረገው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ምስል ያያሉ፣ መነጋገር አይችሉም፣ ነጥብ የሚያገኙት አንድ ዓይነት ቃል ሲጽፉ ነው። የተስማሙበት ቃል ታግ ይሆናል። ቀድሞ የተገኘ ቃል ለቀጣይ ተጫዋቾች ስለሚከለከል ጠለቅ ያለ ቃል ለማሰብ ይገደዳሉ። ጉግል በ2006 ጨዋታውን ለምስል ፍለጋው ወስዶታል። በክፍያ የሚያሠራም አለ፤ ጥቃቅን ሥራዎችን ለሰዎች በክፍያ የሚያከፋፍለው አማዞን ሜካኒካል ተርክ ለዚህ የተለመደ ነው።

የማይለቅ ራስ ምታት ደግሞ ተመሳሳይ ቃል ነው፤ ነጠላና ብዙ ቁጥር፣ ምህጻረ ቃልና ሙሉ ስም፣ የፊደል ግድፈት። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ተመሳሳዮቹን በአንድ ዋና ታግ ሥር ያጠቃልላል። አድናቂዎች ልቦለድ የሚያስቀምጡበት አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን መፍትሔው ለየት ይላል። ጸሐፊው የጻፈውን ታግ ማንም አይነካበትም፤ በጎ ፈቃደኞች ግን ከኋላ ሆነው አንድ ትርጉም ያላቸውን ታጎች ያያይዛሉ። ፈላጊው በየትኛውም ቢገባ ሁሉንም ያገኛል።