ጭቃ ቤት የተባሉት የሲሌዥያ አብያተ ክርስቲያናት፦ የሚባለውና እውነታው

የሽፊድኒጻና የያቮር ከተሞች ሉተራን (ፕሮቴስታንት) አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት በደቡብ ምዕራብ ፖላንድ፣ በሲሌዥያ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የሰላም ቤተ ክርስቲያን» የተባሉት ሰላም ስለሚሰብኩ ይመስላል፤ አይደለም። ስሙ የመጣው የሠላሳውን ዓመት ጦርነት ከቋጨው ከ1648ቱ የዌስትፋልያ ሰላም ነው። ካቶሊኩ ንጉሠ ነገሥት ለሲሌዥያ ሉተራኖች ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ብቻ ፈቀደ፤ ሦስተኛው የግሎጉፉ በ1758 ተቃጠለ።

«እንጨትና ጭቃ የመረጡት ድሆች ስለነበሩ ነው።» ምርጫ አልነበራቸውም። ድንጋይና ጡብ ተከልክሏል፤ ግንብ ማማና ደወል አይኖርም፤ ቦታው ከከተማው ቅጥር ውጭ ነው፤ ሥራው በአንድ ዓመት ማለቅ አለበት። የሽፊድኒጻው የደወል ማማ የቆመው በ1708፣ ክልከላው ከላላ በኋላ ነው።

«ጭቃ አይበረክትም።» የሽፊድኒጻው ከ1657 ጀምሮ ቆሟል! ክብደቱን የሚሸከመው የእንጨቱ አጽም ነው፤ በጭድ የተቦካው ጭቃ በምሰሶዎቹ መሀል መሙያ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ቤት የሚገድለው እርጥበት ነው፤ መጀመሪያ የሚበሰብሰውም መሠረቱ ላይ የተጋደመው ግንድ ነው። ጭቃውን «ለማጠንከር» በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሲሚንቶው ውኃውን ውስጥ ያግተዋል፣ ከውጭ ያማረው ግድግዳ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሳል። በጭቃና በኖራ የተለሰነ ግን ይተነፍሳል። የአገራችን ጭቃ ቤት ባለቤትም ይህን ያውቀዋል።

«ፕሮቴስታንት ሥዕል አይወድም።» ለስዊዘርላንዷ ዙሪክ እውነት ነው፤ የከተማዋ የተሐድሶ መሪ የዝዊንግሊ ተከታዮች በ1524 ሥዕሎቹን አውጥተዋል። ሉተር ግን በ1522 ቪተንበርግ ላይ ሥዕል ሰባሪዎችን ተቃውሟል። ያቮር ገብቶ ቀና ያለ ሰው ይህን አይጠራጠርም፤ አራት ደርብ ሰገነት አለ፣ የሰገነቶቹ መከለያ በሳጥን በሳጥን ተከፍሎ ከ140 በላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ትዕይንቶችን ይዟል፤ ሠዓሊው ጌኦርግ ፍሌግል ነው። ሰገነቶቹ ግን ለጌጥ አልተሠሩም። ለሲሌዥያ ፕሮቴስታንቶች ቦታ በመጥፋቱ ሕዝቡን ወደ ላይ መደርደር ግድ ሆኖ ነው፤ ሽፊድኒጻ እንዲህ 7,500 ያህል ሰው ይይዛል።

«በውስጣቸው የሚታየው እብነ በረድ ውድ ነው።» ቢያንኳኩት እንጨት ነው የሚሰማው። የዘመኑ አሠራር እንዲህ ነበር፦ እንጨቱ ላይ በሙጫ የተለወሰ ጠመኔ ይቀባል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ቀለም ተቀብቶ የድንጋዩ ጅማት በቀጭን ብሩሽ ይሳባል። ችግሩ፣ አየሩ እርጥብና ደረቅ ሲፈራረቅ እንጨቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ጠመኔው አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ቀለሙን ይዞ ይላላጣል። ስለዚህ በክረምት አዳራሹን ቶሎ ማሞቅ ለምዕመኑ ቢመችም ለቀለሙ ጥፋት ነው።