ባናዌ ምንድን ነው? ተራራ ላይ ውሃ ያቆሙ ገበሬዎች አገር

ከ2010 ጀምሮ የታተመ የፊሊፒንስ 20 ፔሶ የወረቀት ገንዘብ እጁ የገባ ሰው ባናዌን አይቷል። ከጀርባው ያለው፣ ደረጃ በደረጃ ሽቅብ የሚወጣው ተራራ እሱ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው በሉዞን ደሴት ሰሜን፣ ኮርዲሌራ በሚባሉት ተራሮች መሀል ነው። ኢፉጋኦ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። የነዋሪው ሕዝብ ስምም ኢፉጋኦ ነው። ባናዌ በዚያ ክፍለ ሀገር ካሉት አስተዳደሮች አንዱ ነው፤ በእኛ አነጋገር ወረዳ ብንለው ይቀርባል። በውስጡ 18 ባራንጋይ፣ ማለትም ቀበሌ፣ አለ። የሕዝቡ ብዛት 20 ሺህ ገደማ ነው። ከማኒላ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ብዙ ሰው ማታ አውቶቡስ ይሳፈርና ጠዋት ይደርሳል።

ይህን ትንሽ ወረዳ ዓለም ያወቀው በሩዝ እርከኑ ነው። እርከን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኮንሶ አለን። ነገር ግን የኮንሶ ገበሬ እርከን የሚሠራው በደረቅ አገር የወረደችው ዝናብ አፈሩን ጠርጋ እንዳትሄድ፣ እርጥበቱም ለማሽላው እንዲቆይ ነው። የኢፉጋኦ እርከን ሥራው ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ያቁራል። ተራራ ላይ፣ ቀጥ ባለ ገደል ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደርስ ውሃ ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

ለምን? ሩዝ ስለሆነ። ውሃ ውስጥ የሚበቅል ሩዝ ለጥ ያለ መሬት ይፈልጋል። ፎገራን ያየ ያውቀዋል፤ ጣና ዳር ያለው ያ ሜዳ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይተኛበታል፣ ሩዙም እዚያ ይደላዋል። ባናዌ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ወጣ ገባ አገር ነው። ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ኢፉጋኦዎች ሜዳ ስላላገኙ ሜዳ ሠሩ። እያንዳንዱ እርከን በሰው እጅ የተሠራ አንድ ጠባብ ሜዳ ነው። አንዳንዱ ሰፊ ግቢ ያህላል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መቆም ይቸግረዋል።

አሠራሩን ብታዩ ትገረማላችሁ። በመጀመሪያ የግንቡ መሠረት ይቆፈራል። ከዚያ ግንቡ ይነሳል። ድንጋይ በሞላበት አካባቢ፣ ለምሳሌ ባታድ በምትባለው መንደር፣ ግንቡ በድንጋይ ነው፤ ድንጋይ በሌለበት በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ነው። ሲሚንቶ የለም፣ ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ተመርጦ ይቀመጣል እንጂ። ከግንቡ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ከታች በትልልቅ ድንጋይ፣ ቀጥሎ በትንንሽ ድንጋይና ጠጠር ይሞላል። በዚያ ላይ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ ንጣፍ ይረገጣል። ከሁሉም በላይ ሩዙ የሚተከልበት ለም ጭቃ ይመጣል። ስለዚህ ማሳው እንደ ሳፋ ነው፤ ከላይ ውሃ ይይዛል፣ የያዘው ሲበዛ በተዘጋጀለት መውጫ ወደ ታችኛው ማሳ ያፈሳል። ሰርጎ የገባ ውሃ ቢኖርም ከታች ባለው ድንጋይ መሀል ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ግንቡን አይገፋውም።

አሁን ዋናውን ነጥብ ልንገራችሁ። ይህ ማሳ መድረቅ የለበትም። ሸክላው ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ቢመጣ ውሃው በስንጥቁ ይገባና ግንቡን ከጀርባ ይገፋዋል። አንድ ግንብ ሲናድ ደግሞ ፍርስራሹ ታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው የሚወርደው። ለዚህ ነው አዝመራ ባይኖርም ውሃው የማይነሳው። የፊሊፒንስ ጎብኚ ፎቶ ሲያነሳ ድንጋዩን ያደንቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የባናዌ ትልቁ ሥራ ውሃውን ማስተዳደሩ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል? ከእርከኖቹ በላይ፣ ከተራራው አናት ላይ፣ ሙዮንግ የሚባል ደን አለ። ደኑ የመንግሥት አይደለም፣ የየቤተሰቡ ነው። ቤተሰቡ ይንከባከበዋል፣ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ከውስጡ ይቆርጣል፣ በቆረጠው ምትክ ይተክላል። ደኑ የዝናቡን ውሃ ይዞ ቀስ በቀስ በምንጭ ይለቀዋል። ከምንጩ በቦይ፣ ቦይ በማይሄድበት ደግሞ በቀርከሃ ቱቦ ወደ ላይኛው እርከን ይመጣል። ከዚያ በኋላ የስበት ሥራ ነው። ከላይኛው ወደ ታችኛው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ይፈሳል። ፓምፕ የለም። ከጫካው የታጠበው ለም ነገርም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሙዮንጉን የጨፈጨፈ ሰው የሩዙንም ውሃ ቆረጠ ማለት ነው።

ሩዙ ቲናዎን ይባላል። በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚደርሰው። በቆላው የፊሊፒንስ ክፍል ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያመርታሉ፤ ያ ዘር ግን የተራራውን ብርድ አይችለውም። ቲናዎን ይችለዋል። ዘሩ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ አካባቢ መደብ ላይ ይፈሳል፣ ችግኙ ከጥር አንስቶ ባሉት ወራት ወደ ማሳው ይዛወራል፣ አዝመራው ሰኔና ሐምሌ ላይ ይሰበሰባል። ግንብ መጠገን በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ነው። ዘር መምረጥ፣ መትከል፣ ማጨድ የሴቶች ነው። አጨዳው በማጭድ ጠራርጎ አይደለም። በትንሽ ቢላ ዛላ ዛላው ይቆረጣል፣ ይታሰራል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ጎተራ ይገባል። አረሙም አይጣልም። ጭቃው ውስጥ ተከምሮ ይበሰብስና ማዳበሪያ ይሆናል፤ በክምሩ ላይ አትክልት የሚተክሉም አሉ።

የጥንቱ የኢፉጋኦ ቤት በአራት ምሰሶ ላይ የቆመ ነው። በየምሰሶው አናት ላይ ክብ እንጨት ይደረጋል፣ አይጥ ወደ እህሉ እንዳይወጣ። ሩዙ ጣሪያው ሥር ይከማችና የምድጃው ጢስ ያደርቀዋል። ከጎተራው አጠገብ ቡሉል የሚባሉ ከእንጨት የተቀረጹ የሰው ምስሎች ይቀመጣሉ፣ ብዙ ጊዜ ጥንድ ናቸው፣ የእህሉ ጠባቂ ተደርገው ይታያሉ። ዛሬ ቡሉል በየመንገዱ ሱቅ ለቱሪስት ይሸጣል። የጥንቱን እምነት ሥነ ሥርዓት የሚመሩት ሙምባኪዎች ቁጥራቸው ተመናምኗል። አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ሆኗል።

ሴቶቹ ሲያጭዱ የሚዘፍኑት ሁድሁድ የሚባል ረጅም ግጥም አለ። ከ200 በላይ ዝማሬዎች አሉት፣ እያንዳንዱ በ40 ክፍል ይከፈላል። ሙሉውን ለመጨረስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። አንዲት አዛውንት ትመራለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። በለቅሶ ላይም ይባላል። ዩኔስኮ በ2001 አውቆታል፣ በ2008 ደግሞ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ጎረቤቱ ሁንግዱዋን ወረዳ ውስጥም አዝመራው ሲያበቃ ሰዎች ወንዝ ውስጥ ገብተው የሚጓተቱበት ፑኑክ የሚባል ሥነ ሥርዓት አለ። እሱም በ2015 ተመዝግቧል። ግጥሙም ጉተታውም ከአዝመራው ጋር የተያያዙ ናቸው። በእጅ ማጨዱ ሲቀር ግጥሙም ቦታ ያጣል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። እርከኖቹ ስንት ዓመታቸው ነው? የቱሪስት በራሪ ወረቀት ሁሉ 2,000 ዓመት ይላል። ይህን ግምት ያስፋፋው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሄንሪ ኦትሊ ቤየር ነው። እሱ ያሰላው ይህን ሁሉ ተራራ ለማልማት ስንት ዘመን ሊፈጅ ይችላል ብሎ ነው። ፊሊፒናዊው አርኪዮሎጂስት ስቴፈን አካባዶ ግን ቆፍሮ አየ። በ2009 ያሳተመው ጥናት ባናዌ ውስጥ ያለውን የቦኮስ እርከን የሚመለከት ነው። ቀጥሎም ኪያንጋን ወረዳ ውስጥ ካሉ የኢፉጋኦ ማኅበረሰቦች ጋር አብሮ ጥንታዊ መንደር ቆፈረ። ያገኘው መልስ ብዙ ሰው አልወደደውም። በውሃ የሚለማው ሩዝ የተስፋፋው ከ400 ዓመት በፊት ገደማ፣ ስፔኖች ሉዞን ከገቡ በኋላ ነው ይላል። ከዚያ በፊት የተራራው ሰው ዋና ሰብል ጎደሬ ነበር። አዎ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ የምንበላው ያ ጎደሬ።

ታሪኩ እንዲህ ይሆናል። ስፔኖች ሸለቆዎቹን ሲይዙ ብዙ ሰው ለአገዛዙ አልገዛም ብሎ ወደ ላይ ሸሸ። ተራራው ላይ ሕዝብ በዛ። የሚመግበው እህልና የሚያደራጀው ሥራ አስፈለገ። ቦይና ግንብ ተባብሮ የሚሠራ ሕዝብ ደግሞ ለጦርም ለመደራጀት አይቸገርም። ስፔኖቹ ኢፉጋኦን በወጉ መግዛት አልቻሉም። ሁለቱንም ወገን ሳይ እኔ የአካባዶው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ በቁፋሮና የአሮጌ ነገር ዕድሜ በሚለካበት የካርቦን ምርመራ የቆመ ነውና። ቅር የሚላቸው ሰዎች ስሜትም ይገባኛል፣ 2,000 ዓመት ሲኩራሩበት የኖሩት ቁጥር ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ተራራ በጥቂት መቶ ዓመት መቀየር የሚያሳንሳቸው አይመስለኝም። የኮንሶ እርከንም ዕድሜው 21 ትውልድ፣ 400 ዓመት ገደማ ነው የሚባለው። ኮንሶን በዚህ ምክንያት የናቀው ሰው አላጋጠመኝም።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዩኔስኮ በ1995 የመዘገበው አምስት የእርከን ስብስቦችን ነው። ባታድና ባንጋአን ባናዌ ወረዳ ውስጥ ናቸው። የቀሩት ማዮያኦ፣ ሁንግዱዋን እና ኪያንጋን ውስጥ ያለው ናጋካዳን ናቸው። ያ በ20 ፔሶው ላይ የታተመው፣ ከከተማው በላይ ካለው መመልከቻ የሚታየው ዝነኛ እርከን ግን መዝገቡ ውስጥ የለም። በዙሪያው ዘመናዊ ሕንፃ ስለበዛ ቀረ። ዝናው ሆቴል አመጣ፣ ሆቴሉ ቆርቆሮና ሲሚንቶ አመጣ።

በ2001 ደግሞ የተመዘገቡት አምስቱ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገቡ። በዚያን ጊዜ ዩኔስኮ እንዳለው ከእርከኖቹ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ጦም ያድሩ ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ እስከ 2012 ቆዩ። ቦይ ተጠገነ፣ የተናደው ተገነባ፣ ደንብ ወጣ፣ ከዚያ ወጡ።

ማሳው ለምን ጦም ያድራል? ቶሎ የሚመጣው መልስ «ወጣቱ ከተማ ሄደ» የሚል ነው። ልክ ነው፣ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አለ። በኢፉጋኦ ባህል እርከን ለልጆች እየተሸነሸነ አይከፋፈልም። ዋናው ድርሻ ለበኩር ልጅ ነው፣ ወንድም ሴትም ቢሆን። ይህ ማሳውን ከመቆራረስ አድኖታል። እኛ አገር መሬት በውርስ እየተሸነሸነ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ጥቅሙን ይረዳል። ታናናሾቹ ግን ከመጀመሪያውም ሌላ እንጀራ መፈለግ አለባቸው። ትምህርት ቤት ሲመጣ በኩሩም ተማረና ከእነሱ ጋር ባጊዮና ማኒላ ገባ፣ ከዚያም ባሕር ተሻገረ። በቤይሩትና በዱባይ ከእኛ እህቶች ጎን የሚሠሩት ፊሊፒናውያን ውስጥ ከኮርዲሌራ ተራሮች የወረዱ አይጠፉም። ቲናዎን በዓመት አንዴ ደርሶ ቤተሰቡን ዓመት ሙሉ አይቀልብም። ድሮ የጎደለው በስኳር ድንች ይሞላ ነበር፣ ዛሬ ከቆላ በሚመጣ የሱቅ ሩዝ ይሞላል። ለሱቁ ሩዝ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ እርከኑ ላይ የለም።

ተባዩም አለ። በ1980ዎቹ ለምግብ ይሆናል ተብሎ ከደቡብ አሜሪካ ፊሊፒንስ የገባ ወርቃማ ቀንድ አውጣ ዛሬ ለጋውን ችግኝ ይበላል። ማሳው ውሃ ሲያጣ ደግሞ ትላልቅ የምድር ትሎች ጭቃውንና ግንቡን ይቦረቡሩታል። መፍትሔው ያው ውሃውን አለማንሳት ነው፣ ውሃውን የሚጠብቅ ሰው ካለ።

መሄድ ለምታስቡ፣ ወሩን ምረጡ። በየካቲትና መጋቢት ችግኙ ገና አጭር ስለሆነ ማሳው ሰማይ ያሳያል። ግንቦት ላይ አረንጓዴ ነው፣ በሐምሌ መግቢያ ወርቅማ ይሆናል። ባናዌ ከተማ ከደረሳችሁ መመልከቻው ላይ ብቻ ፎቶ አንስታችሁ አትመለሱ። እስከ ባታድ ዝለቁ፤ መኪናው ከቆመበት በኋላ ያለውን በእግር ነው የምትወርዱት። እርከኑ መሀል ስትሄዱ መንገዱ የግንቡ ጫፍ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ጭነት የተሸከመ ገበሬ ከመጣ ጠርዝ ይዛችሁ አሳልፉት። ገበያ ላይ ቲናዎን ካገኛችሁም ግዙ። ከሱቁ ሩዝ ይወደዳል፣ መወደዱ ግን ከላይ ያየነው ሥራ ዋጋ ነው።