«ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም»፦ «ይበል»ን ማን ጨመረበት?

ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሬዲዮው ላይ የሃይማኖት አባቶች በአገር ጉዳይ ይናገሩ፣ አይናገሩ የሚል ክርክር ተይዟል። ከጎኔ የተቀመጠው ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ ነገሩን ባንዴ ዘጋው፦ «ወንድሜ፣ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም ይበል፤ ያኔ አገር ሰላም ይሆናል!» ረዳቱ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀለት። መውረጃዬ ባይደርስ ኖሮ እዚያው ክርክር እገጥም ነበር።

ተረቱ እንዲህ አይደለማ! አንድ ጉዳይ ተነሥቶ፣ ብዙ ተብሎበት፣ መልስ ከሚጠበቅበት ዘንድ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ነው «ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» የሚባለው። መናገር የነበረበት ሰው አልተናገረም፤ ሰሚው ጆሮውን አቁሞ ቀረ። ቅሬታ ነው፤ ሽሙጥም አለበት። ትእዛዝ ግን ሆኖ አያውቅም።

እኔ ይህን አባባል መጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ አፍ ነው፤ በአንድ ቀፎ ምክንያት።

ጎጃም ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት። አያቴ እማማ ከጓሮ ዋንዛው ላይ ሦስት ቀፎ ሰቅላ ነበር። ጥቅምት ማለቂያው ላይ፣ ማር ሊቆረጥ ሲቃረብ፣ አንዱ በሌሊት ከነንቡ ተነቅሎ ተወሰደ። ከዛፉ ሥር የተቃጠለ ጨርቅና የሞተ ንብ ብቻ ቀረ። ማን እንደወሰደው መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የእህት ልጅ ነው። ማወቅና መናገር ግን ለየቅል ናቸው። እማማ ቄሱ ዘንድ ሄዳ አስገዘተች።

ግዝት ለከተማ ልጅ ባጭሩ ይህ ነው። ሌባው «አልታወቀም»፤ እማኝ የለም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከሰው ዳኛ ወደ ላይ ይተላለፋል። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡ አይበተንም። ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈው በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በሌላው ይቆማሉ። ቄሱ ወንጌሉን ከቆዳ ማኅደሩ ያወጣሉ። ያ ማኅደር አንገቱ ላይ የሚጠብቅ ጠፍር ነበረው፤ ቄሱ ጠፍሩን በጥርሳቸው ሲፈቱ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። መጽሐፉ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል። መስቀላቸውን ከላዩ አድርገው «የወሰደ፣ ሲወሰድ ያየ፣ የሰማ፣ ከማሩ የቀመሰ፣ አውቆም የደበቀ ውጉዝ ከመ አርዮስ» አሉ። እንደ ጥንቱ መናፍቅ እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን ማለታቸው ነው፤ እኔ ግን አርዮስ ማለት ከወንዝ ማዶ ያለ ክፉ ሰው ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ከእማማ ማሰሮ ሰርቄ የላስኩት ማር ትዝ ብሎኝ፣ «የቀመሰ» ሲሉ ከእማማ ቀሚስ ኋላ ገባሁ።

ግዝቱ ቀጠሮ አለው። በሚቀጥለው እሑድ የሚያውቅ ይናገራል፣ የወሰደ ይመልሳል ተብሎ ይጠበቃል። ካልሆነ ቄሱ እንደገና መጽሐፉን አውጥተው ያጸኑታል። ሁለተኛው እሑድ መጣ፤ ማኅደሩ አልተፈታም። ሦስተኛው እሑድ ሊቀመንበሩ ጠመንጃውን አንግቶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ነበር። ወደ ውስጥ አይገባም፤ አብዮተኛ ነዋ። ቄሱ ማኅደሩን በትከሻቸው እንዳንጠለጠሉ በመሃላችን አለፉ። እማማ ጎንበስ ብላ «ይፍቱኝ አባ» አለች። «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» ብለው መስቀል አሳለሟት፤ ስለ ቀፎው ትንፍሽ ሳይሉ ሄዱ። ያኔ ነው እማማ፣ ለማንም ያልተናገረች መስላ፣ «ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» ያለችው። የሴቶቹ ነጠላ ሁሉ ወደ አፍ ወጣ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

በቄሱ አልፈርድም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንንም መሬት ወስዷል። ከዚያ ወዲያ ቄሱ የሚያርሱትን ማሳ የሚደለድለው የገበሬ ማኅበሩ ነው። በሊቀመንበሩ ዘመድ ላይ መጽሐፍ የገለጠ ቄስ በሚቀጥለው ድልድል የት እንደሚጣል ሁሉም ያውቃል። ሴቶቹም የሳቁት በቄሱ ብቻ አይመስለኝም። በሊቀመንበሩ መሳቅ ያስከስሳል፤ በቄሱ መሳቅ ቢበዛ ንስሐ ያስገባል። ቀልዱ አቅጣጫውን ቀይሮ ነው የሄደው።

ስለ አመጣጡ የሚነገረው ሌላ ነው። የቤተ ክህነት ተማሪዎች እንደሚሉት አባባሉ ከንባብና ከትርጓሜ ልዩነት ወጣ። ግእዙን እንደ ውኃ የሚያነበንብ ቄስ «ምን ማለት ነው?» ሲባል ይዘጋል፤ መጽሐፉም በራሱ አይፈታም። ደኅና ግምት ነው። እኔ ግን ከግዝት ነው ባይ ነኝ። የንባብና የትርጓሜ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ መሪጌታው ወይም የኔታ ይሆኑ ነበር፤ ጉባኤ ዘርግተው የሚጠየቁት እነሱ ናቸውና። ለምን ቄስ? ማሰርና መፍታት የክህነት ሥልጣን ስለሆነ! ዲያቆን አይገዝትም፤ ደብተራም አይገዝትም። ደግሞ «መጽሐፍም ዝም» አላልንም፤ «መጽሐፉም» ነው ያልነው። ሁሉም የሚያውቀው፣ ባለፈው እሑድ የተገለጠው፣ ዛሬ የሚጠበቀው መጽሐፍ ነው። ማስረጃህ «ኡ» ናት ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ «ኡ» እና የአያቴ ቀፎ ናቸው።

ግዝት የቀፎ ጉዳይ ብቻም አልነበረም። ምኒልክ ልጅ ኢያሱን ሲያወርሱ የካደ ጥቁር ውሻ ይወለድበት ብለው እንደረገሙ ይነገራል፤ መኳንንቱም በመሐላ ታሰሩ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ሲሻሩ መኳንንቱን ከዚያ መሐላ የፈቱት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ናቸው። ያን ቀን መጽሐፉ ዙፋን ገለበጠ። አቡነ ጴጥሮስ ደግሞ ሕዝቡ ለጣሊያን እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እንዳትቀበለው ገዝተው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። አለቃ ገብረ ሐናን የመሰለውም የቤተ ክህነት ሰው ሆኖ ቤተ መንግሥት ውስጥ በቀልድ ይወጋ ነበር። እንግዲህ ዝምታ የሚያስታዝበው ቄስ መናገር ይችላል ተብሎ በሚታመንበት አገር ነው። ከድንጋይ ቃል የሚጠብቅ ስለሌለ «ድንጋዩም ዝም» የሚል ተረት የለንም።

የክራቫቱ ሰውዬ ምናልባት ሕገ መንግሥቱን ማለቱ ይሆናል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኗን የመንግሥት አድርጎ፣ በጸሎት ሁሉ የንጉሠ ነገሥቱ ስም እንዲነሣ አዝዞ ነበር፤ መጽሐፉ ስለ ንጉሡ ዝም እንዳይል በሕግ የተገደደበት ዘመን ነው። የ1987ቱ፣ አንቀጽ 11፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጣልቃ አይገባም ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ደጋግሜ ባነበው «ቀፎ ሲሰረቅ ቄሱ አይናገር» የሚል አላገኘሁበትም። ሰውየው መለያየትን ፈልጎ ከሆነ «መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ» ይበል፤ ሙሉ ቃል አለለት። ከአያቴ የተቀማን የቅሬታ ቃል ለአፍ መዝጊያ ምን አስፈለገው? በቀደም ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ ጸጥታው ስለተመለሰ ከተማ ሲዘግብ «አሁን ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም ሆኗል» ብሎ ሲደሰት ሰማሁ። ምን ያስደስታል?

አባባሉን እስቲ አድምጡት፤ ግስ እንኳ የለውም። «አለ» የለም፣ «አሉ» የለም። ከ«ዝም» በኋላ ሁሉም ይቆማል። እዚያ ላይ «ይበል» የሚቀጥል ሰው ቋንቋው የተወለትን ባዶ ቦታ በትእዛዝ ሞላው።

ቀፎው ተመልሷል፤ ልነግራችሁ ረስቼ። ኅዳር ሚካኤል ሳምንት፣ ንጋት ላይ፣ አጥሩ ሥር ተጥሎ አገኘነው። ንብ የለ፣ ማር የለ፤ የተጨመቀ ሰፈፍ ብቻ። እማማ አገላብጣ አይታ «ወርቁን በልተው ሰሙን መለሱልኝ» አለች። አቅልጣ አጣርታ ጧፍ ሠራችበት። በሚቀጥለው እሑድ ለቄሱ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ ተቀብለው አበሩት።