ሙቀቱ ከፊት፣ ርዝመቱ ከኋላ፦ ኤሌክትሪክ ፒክአፕን ለመኝታ መንደፍ

ፒክአፕ ላይ ማደር አዲስ ነገር አይደለም። ካሶኒው (የኋላው የጭነት ሣጥን) ላይ ሸራ ወጥሮ፣ ፍራሽ አንጥፎ መተኛት የቆየ ልማድ ነው። አዲሱ ነገር ኤሌክትሪኩ ነው። ሞተር ሳይነሳ፣ ጭስ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ሳይረበሽ ሌሊቱን ሙሉ ማሞቂያ ወይም ኤሲ ከፍቶ ማደር ይቻላል። በቤንዚንና በናፍጣ መኪና ይህን መሞከር አደጋ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ስለዚህ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ለመኝታ የተፈጠረ ይመስላል። ባትሪው ትልቅ ነው፣ ካሶኒ አለው፣ ድምፅ የለውም። ግን አንድ ነገር መሀል ላይ ቆሟል፤ ጋቢናውንና ካሶኒውን የሚለየው ግድግዳ። ሙቀቱ ከግድግዳው ወዲህ ነው፣ እግር የሚዘረጋበት ቦታ ከግድግዳው ወዲያ። የመኝታ ንድፉ ጣጣ ዞሮ ዞሮ ከዚህች ግድግዳ ጋር ነው።

ካሶኒው

መጀመሪያ ሜትር ይዘን እንለካ። ሰው ተዘርግቶ ለመተኛት ከቁመቱ በላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ቁመቱ 1.75 ሜትር ከሆነ 1.85 ሜትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ገበያ ላይ የዋሉት ትልልቅ ኤሌክትሪክ ፒክአፖች ደግሞ ደብል ጋቢና ናቸው። ለኋላ ተሳፋሪ የተሰጠው ቦታ የተቀነሰው ከካሶኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለደንበኞች መድረስ የጀመረው ሪቪያን አር1ቲ የካሶኒው ርዝመት 137 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ 170 አካባቢ ነው። የቴስላ ሳይበርትራክ 183 ገደማ ይደርሳል። በዚህ ስሌት ረጅም ሰው በሦስቱም ላይ ጉልበቱን ማጠፍ ወይም በሰያፍ መተኛት አለበት።

የተለመደው ማምለጫ የኋላ መዝጊያውን ዘርግቶ የአልጋ አካል ማድረግ ነው። አር1ቲ መዝጊያው ሲከፈት ወደ 212 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያ ለማንም ይበቃል። ችግሩ መዝጊያው ሲከፈት የካሶኒው ክዳን እግር ጋ አይደርስም። ያንን ክፍተት ድንኳን ወይም ሸራ ይሸፍነዋል። ዝናብና ነፋስ በጎን በሚመጡበት ሌሊት ደግሞ የሸራው ስፌት ሁሉ ይፈተናል። መዝጊያው ለዕቃ እንጂ ለሰው ስላልተሠራ ከካሶኒው ወለል ጋር እኩል ያልሆነ፣ መሀሉ ላይ ስንጥቅ ያለው ነው። ንድፍ አውጪው እዚህ ጋ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢንቅ ተኚው ሌሊቱን ሙሉ በተረከዙ ሲለካት ያድራል።

ስፋቱ ላይ ወሳኞቹ የጎማ ጉብታዎች ናቸው። በኤፍ-150 ካሶኒ ውስጥ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት 128 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ብንሰጥ ሁለት ሰው ተጣብቆ ይተኛል፤ የሚገላበጥ ካለ ግን ጣጣ ነው። ከጉብታዎቹ በላይ ርብራብ ቢሠራ ስፋት ይገኛል፣ ሥሩም ለዕቃ መሳቢያ ይሆናል። የሚከፈለው ግን ከከፍታው ነው።

ከፍታው ደግሞ ድሮም የለም። የዚያው ካሶኒ ጥልቀት 54 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስምንት ሴንቲ ሜትር ፍራሽ ሲነጠፍበት 46 ይቀራል። የአዋቂ ሰው ትከሻ ስፋት ወደዚያው የሚጠጋ ነው። በጠፍጣፋ ክዳን ሥር የተኛ ሰው በጎኑ ልገልበጥ ሲል ትከሻው ክዳኑን ይነካል። ቀጥ ብሎ መቀመጥማ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠይቃል። ይህ አልጋ አይባልም፤ መሳቢያ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ ክዳን ዕቃን ከሌባና ከዝናብ ያድናል እንጂ ሰው አያሳድርም። ለመኝታ የሚታሰብ ካሶኒ ወደ ላይ የሚነሳ ጣሪያ ያስፈልገዋል።

ግድግዳውን መክፈት

ጄኔራል ሞተርስ ይህን ግድግዳ ከመታጠፊያ ጋር የሠራው ከኤሌክትሪኩ ዘመን በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ገበያ ላይ የዋለው ሸቭሮሌ አቫላንች የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ የጋቢናው የጀርባ ግድግዳም አብሮ ወደ ፊት ይተኛ ነበር። ካሶኒውና ጋቢናው አንድ ረጅም ወለል ይሆናሉ። መኪናው እ.ኤ.አ. በ2013 ምርቱ ቆመ፣ ሐሳቡ ግን በኤሌክትሪኩ ሲልቨራዶ ተመለሰ። የሲልቨራዶው ካሶኒ ብቻውን 180 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው ሲታጠፍ ከ270 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ የኋላ መዝጊያው ሲጨመርበት እስከ 330 የሚደርስ ዕቃ ይጭናል።

ይህ በሁሉም ፒክአፕ ላይ ለምን አይሠራም? በተለመደው ፒክአፕ ጋቢናውና ካሶኒው በአንድ ሻንሲ (መኪናውን ተሸካሚ የብረት አጥንት) ላይ ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ሣጥኖች ናቸው። መንገድ ላይ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ሁለቱ ለየብቻ ይወዛወዛሉ። መሀላቸውን ብትከፍት ውሃና አቧራ የማያስገባ፣ ግን የሚለጠጥ ማሸጊያ ትፈልጋለህ። ኤሌክትሪኩ ሲልቨራዶ ግን ጋቢናውና ካሶኒው አንድ አካል ነው፤ አቫላንችም እንዲሁ ነበር። አንድ አካል ላይ በር መክፈት የግንበኛ ሥራ ነው፣ ሁለት አካል ማገናኘት ግን የመርከብ ሥራ ይሆናል።

በእኔ እይታ ለመኝታ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይህ ነው። ጭንቅላት ጋቢና ውስጥ፣ እግር ካሶኒ ውስጥ። ማሞቂያው ፊት ላይ ይነፍሳል፣ እግርም ይዘረጋል። ዕዳም አለበት። የሚሞቀው ቦታ ስለሚሰፋ ኃይል ይበላል፣ ካሶኒው ክዳን ከሌለው ደግሞ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ካሶኒው ላይ የተጫነ ጭቃና ሽታም ወደ ትራስ ይመጣል። ትናንት ሲሚንቶ የጫነ ካሶኒ ማታ መኝታ ቤት ሲሆን ምን እንደሚመስል ማሰብ ነው።

ጋቢናው

ግድግዳው የማይከፈት ከሆነ ምርጫው ጋቢና ውስጥ መጠቅለል ነው። የኋላ ወንበሩ በበሮቹ መካከል 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ለልጅ ይበቃል፣ ለአዋቂ አይበቃም። ጀርባው ግድግዳውን ስለሚደገፍም ወደ ኋላ አይተኛም። የፊት ወንበሩ የተሻለ ነው። ፎርድ በኤፍ-150 አንዳንድ ዓይነቶች ላይ የፊት ወንበሩ ወደ ኋላ ተኝቶ ሊዘረጋ የሚጠጋበትን አሠራር አቅርቧል። ለሁለት ሰዓት ሸለብታ ግሩም ነው። ለሙሉ ሌሊት ግን የወንበር ስፖንጅ ጎንን ለመያዝ የተቀረጸ ስለሆነ በጎን መተኛትን ይከለክላል። ኤሌክትሪክ መኪና መሀል ወለሉ ላይ የማስተላለፊያ ዘንግ ጉብታ ስለሌለው፣ የእግር ማስቀመጫውን በሣጥን ሞልቶ ማስተካከል እዚህ ይቀላል።

አየርና እርጥበት

ሰዎች ብርዱን ይፈራሉ፣ የሚያስቸግራቸው ግን እርጥበቱ ነው። የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው ሌሊቱን ከአንድ ብርጭቆ የማያንስ ውሃ ያወጣል። ሁለት ሰው ሲሆን እጥፍ ነው። ያ ውሃ የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ነገር ይፈልጋል፤ መስታወትና ቆርቆሮ ደግሞ በሽ ነው። ጠዋት ላይ የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ሲያንጠባጥብ ብዙዎች ዝናብ ገባ ብለው ማሸጊያ ይጨምራሉ። ማሸጊያው ሲጨመር ነገሩ ይባስ ይላል። የራሳቸው ትንፋሽ ነዋ።

መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ብረቱን ሙቀት በማያሳልፍ ነገር መልበስና አየር ማንቀሳቀስ። ፍራሹ በቀጥታ ብረት ወለል ላይ ከተነጠፈ ሥሩ ይረጥባል፣ ቆይቶም ይሻግታል። ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ርብራብ ይህን ያስቀራል። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ምቹ ይመስላል፣ ግን ውስጡ ያለው አየር እየተገላበጠ የወለሉን ቅዝቃዜ ወደ ጀርባ ያመጣል። በብርድ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ይሻላል።

የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስሌት ደግሞ የሚያስደነግጥ ነው። የተኛ ሰው በሰዓት 12 ሊትር ያህል ያወጣል። ርዝመቱ 1.7፣ ስፋቱ 1.3፣ ጥልቀቱ 0.5 ሜትር የሆነ ካሶኒ ከ1100 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ አየር ይይዛል። ፈጽሞ የታሸገ ቢሆን አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ መጠኑን ወደ 1 በመቶ ያደርሰዋል። ውጭ ያለው አየር 0.04 በመቶ ገደማ ነው። እውነተኛ ክዳን በስንጥቁ አየር ያስገባል፣ እሺ። ግን በዕድል የሚገባ አየር ንድፍ አይባልም። አንድ ቀዳዳ ታች እግር ጋ፣ አንድ ላይ ራስ ጋ፣ መሀላቸው ጥቂት ዋት የምትበላ ትንሽ ማራገቢያ፣ ሁለቱም ላይ የወባ ትንኝ መከላከያ መረብ። ይህ ከውድ ፍራሽ ይቀድማል።

ኃይሉ

እዚህ ጋ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ሀብታም ነው። ማሞቂያው በአማካይ 1 ኪሎዋት ቢወስድ በስምንት ሰዓት 8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 131 ኪሎዋት ሰዓት ለሚይዘው የላይትኒንግ ትልቁ ባትሪ ይህ 6 በመቶ ነው። በጣም ሲበርድ ፍጆታው ይጨምራል፣ ያም ቢሆን ሌሊቱ አይጨርሰውም። ቁም ነገሩ ማሞቂያው ካሶኒ ጋ አለመድረሱ ነው። ቱቦው ጋቢና ላይ ያበቃል። ካሶኒ ውስጥ ያለው ሶኬት ነው። ስለዚህ እዚያ የሚያዋጣው አየሩን ሳይሆን ሰውየውን ማሞቅ ነው። 60 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ስምንት ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም።

ሶፍትዌሩም መተባበር አለበት። ሰው ሲተኛ መኪናው ባዶ የቆመ መስሎት ሶኬቱን ቢያጠፋ፣ ወይም ተኚው ሲገላበጥ ሌባ ብሎ ቢጮህ ምን ዋጋ አለው? የቴስላ የካምፕ ሁነታ ማሞቂያውን እንደበራ ይዞ ማንቂያ ደወሉን ያጠፋል። የሪቪያኑ ደግሞ መኪናውን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው የአየር ሰስፔንሽኑ ዘመም ያለውን ያስተካክላል። ሁለት ዲግሪ ዘመም ያለ መሬት በሁለት ሜትር አልጋ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያመጣል። ሌሊቱን ወደ ግድግዳ መንሸራተት ነው።

መውጫና ክብደት

ከውስጥ የማይከፈት ክዳን ሥር ሰው መተኛት የለበትም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 ጀምሮ የሚመረቱ መኪኖች የሻንጣ ክፍል ከውስጥ መክፈቻ እንዲኖረው አስገድዳለች። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ክዳን ከሆነ መክፈቻው ባትሪ ሲሞትም በእጅ የሚሠራ፣ ጨለማ ውስጥ የሚታይ መሆን አለበት።

ካሶኒ ላይ ሙሉ ቤት መጫንም አለ። ግን ባትሪው ራሱ ከባድ ስለሆነ ለጭነት የተረፈው ክብደት ውስን ነው። አር1ቲ የሚሸከመው 800 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፣ ሰዎቹም ተቆጥረው። የአየር ግፊት ደግሞ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ረጅም ሣጥን አውራ ጎዳና ላይ ባትሪውን ይጠጣል። ስንሄድ የሚታጠፍ፣ ስንቆም የሚነሳ ጣሪያ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ዕቃውስ የት ይደር? የነዳጅ ሞተር የሌለው መኪና ከፊት ኮፈኑ ሥር ቦታ አለው፤ ላይትኒንግ ላይ 400 ሊትር ነው። ሻንጣው ከካሶኒው ወጥቶ እዚያ ያድራል። አር1ቲ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ከግራ ወደ ቀኝ ተላልፎ የሚያልፍ ዋሻ መሳይ ማስቀመጫ አለው። የዋሻው በር ወደ ታች ሲከፈት ይቀመጡበታል። ጭቃ የነካ ጫማ አውልቆ ለማስቀመጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ እስካሁን አላየሁም።