ኦብፈስኬሽን ምንድን ነው? ምስጠራስ አይደለም

በቀደም እዚህ ሐዋሳ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ተሰብስበን ነበር። አንዱ ተነሳና "የእኛ አፕ ኦብፈስኬት ስለተደረገ ኢንክሪፕትድ ነው፤ ውስጡ ያለው ፓስወርድ አያሳስብም" አለ። ተጨበጨበለት። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ።

ወዳጄ፣ ኢንክሪፕትድ ማለትም የተመሰጠረ ነገር ቁልፍ አለው። ቁልፉ የሌለው ሰው አያነበውም። ኦብፈስኬሽን ቁልፍ የለውም። ፕሮግራሙ ሥራውን ሳይለውጥ ለሰው ዓይን እንዲያስቸግር ማድረግ ነው። በቃ።

ከፒያሳ አሞራ ገደል የሚሄድ ባጃጅ አስብ። መንገዱን ልደብቅ ብለህ የከተማውን ታፔላ በሙሉ ነቀልክ፤ በኮዱ ውስጥ ያሉትን ስሞች እንደማጥፋት ማለት ነው። እንግዳ ሰው ይጠፋበታል፣ እውነት ነው። ባጃጁ ግን መድረሱ አይቀርም። ከኋላ ለሚከተለው ሰው ታፔላ ምን ያደርግለታል? ሾፌሩ በስፖኪዮ እያየ፣ ተከታይ ሲያገኝ ዝም ብሎ አደባባይ ይዙር እንበል። ዲበገር (ፕሮግራምን እያስቆመ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ) ሲያዩ የሚያኮርፉ ፕሮግራሞች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ወይ ባጃጁን በሸራ ሸፍነው፤ ይህ ደግሞ ፓከር፣ ማለትም ፕሮግራሙን ጠቅልሎ የሚያሽግ መሣሪያ ነው። ለመንዳት ግን ሸራው መነሳት አለበት። ዩፒኤክስ የሚባለው ፓከርማ ሸራውን የሚያነሳ ትዕዛዝ ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ደግሞ ባጃጁ የማን ሆነና? ስልኩ የተጠቃሚው ነው። ሾፌሩን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን፣ በፈለገው ቦታ አስቁሞ ያየዋል።

አንድሮይድ ላይ አር8 የሚባለው ኮድ የሚያሳንስ መሣሪያ የክላሶችን (የኮዱን ክፍሎች) ስም ኤ፣ ቢ፣ ሲ ያደርጋል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ የጻፍከው ፓስወርድ ግን እንዳለ ይቀመጣል። አፕን ወደሚነበብ ኮድ በሚመልሰው ጃድኤክስ ላይ ከፍቶ መፈለግ ነው። ኮምፓይል የተደረገ (ወደ ማሽን ቋንቋ የተቀየረ) የሲ ፕሮግራምም ቢሆን ጊድራ የሚባል መመርመሪያ አለለት፤ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በ2019 እ.ኤ.አ. በነጻ የለቀቀው ነው። ፓስወርዱ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። አፑ ሰርቨሩን ይጠይቅ።

እርግጥ ሲ እና ጃቫ አንድ አይደሉም። ከሲ ፕሮግራም ስሞቹን ስትሪፕ አድርገህ ማጥፋት ትችላለህ። ጃቫና ዶትኔት ግን ብዙ ነገር ይዘው ስለሚቀሩ ዲኮምፓይል ሲደረጉ (ወደሚነበብ ኮድ ሲመለሱ) ምንጩን ሊመስሉ ምንም አይቀራቸውም። "ጠንካራ መሣሪያ ብንገዛስ?" ለሚለኝ ደግሞ፣ ማንኛውንም ፕሮግራም ምንም ወደማያሳይ ጥቁር ሳጥን የሚለውጥ ኦብፈስኬተር ሊኖር እንደማይችል ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አረጋግጠዋል።

አትጠቀሙበት አላልኩም። እኔም እጠቀማለሁ። የሚገለብጠውን ሰው ያደክመዋል፤ አንዳንዱም ሰልችቶት ይተወዋል። ብቻ አር8 የሚያወጣውን የማፒንግ ፋይል አስቀምጡ፤ የትኛው ኤ ማን እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ነው። እኔ አንዴ ጠፍቶብኝ፣ አፑ ደንበኛ ስልክ ላይ ሲዘጋ የመጣልኝ ሪፖርት ኤ ነጥብ ቢ ነጥብ ሲ ብቻ ነበር። የገዛ ኮዴን ጃድኤክስ ላይ ከፍቼ ሁለት ሌሊት ስፈታ አደርኩ።