ድራፍት ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በብሎኮቹ መካከል ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ ያየ ሰው ድራፍትን በግማሽ አውቆታል። ሁለት አምበሎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ አንድ ልጅ ይጠራል፣ ቀጥሎ ሌላው ይጠራል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ እስከ መጨረሻው ልጅ ይደርሳሉ። የአሜሪካ ሊጎችም አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚከፋፈሉት በዚሁ መንገድ ነው። በቅርጫት ኳሱ ሊግ በኤንቢኤ 30 ክለቦች በሁለት ዙር ከኮሌጅና ከውጭ አገር የሚመጡ ወጣቶችን ስም በየተራ ይጠራሉ። የተጠራው ወጣት በሊጉ ውስጥ መፈረም የሚችለው መብቱን ከያዘው ክለብ ጋር ብቻ ነው፤ ልቡ ያለው ሌላ ከተማ ቢሆንም።

ለእኛ ለእግር ኳስ ሰዎች እንግዳ የሚሆነው የተራው አሰጣጥ ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለደካማው ነው። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ግርጌ ላይ የቀረ ክለብ ወደ ከፍተኛ ሊግ ይወርዳል፤ በኤንቢኤ ግን መውረድ የሚባል ነገር የለም። የድራፍትን ሐሳብ በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቀረበው የፊላደልፊያው የአሜሪካ እግር ኳስ (ኳሱ በእጅ የሚያዝበት ጨዋታ) ክለብ ባለቤት በርት ቤል ነበር። ሀብታሞቹ ክለቦች ጥሩ ጥሩዎቹን ሁሉ ከወሰዱ ሌሎቹ ተመልካች ያጣሉ፣ ተመልካች ካጡ ደግሞ ሊጉ ራሱ ይጎዳል ብሎ ተከራከረ። በዓመቱ በዚያው ሊግ ድራፍት ተጀመረ።

መሸነፍ የሚያስገኘው ነገር ካለ ሆን ብሎ የሚሸነፍ አይጠፋም። የኤንቢኤው ፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ በ2015/16 ከ82 ጨዋታ 10 ብቻ አሸንፎ በቀጣዩ ድራፍት የመጀመሪያውን ተራ አገኘ። ይህን ለመከላከል ኤንቢኤ ከ1985 ጀምሮ ዕጣ ያወጣል፤ በ2019 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሦስት ክለቦች የመጀመሪያውን ተራ የማግኘት ዕድላቸው እኩል 14 በመቶ ሆነ። በ2025 ዳላስ 1.8 በመቶ ብቻ ዕድል ይዞ አንደኛ ወጥቶ የዓመቱን ተፈላጊ ወጣት ኩፐር ፍላግን ወሰደ። የደካማ ክለብ ደጋፊ ቢናደድ አይፈረድበትም።

ተራውም ራሱ ይሸጣል፣ ይለወጣል። አንድ ክለብ የዛሬ አምስት ዓመት የሚደርሰውን ምርጫ ሰጥቶ ዛሬ ልምድ ያለው ተጫዋች ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ጠንካራ ቡድን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆኖ ሲመርጥ ብታዩ አትገረሙ፤ ተራው ከሌላ ክለብ የመጣ ነው።

ሰኔ ሲደርስ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አምሽተው ድራፍቱን በስልካቸው የሚከታተሉ የሰፈራችን ወጣቶች በማግስቱ ቡና እየጠጡ የሚከራከሩት ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ምርጡን ልጅ እንውሰድ ወይስ የጎደለንን? በረኛ የሌለው አምበል ጥሩውን አጥቂ ትቶ በረኛ ይጥራ?

የጎደለንን የሚሉትን ዝም ለማሰኘት ሁልጊዜ የሚነሳው የ1984ቱ ድራፍት ነው። ሂዩስተን በአንደኛው ተራ የሌጎሱን ልጅ ሃኪም ኦላጁዎንን ወሰደ። ፖርትላንድ ከኢንዲያና ባገኘው ሁለተኛ ተራ ረጅሙን ሳም ቦዊን መረጠ፤ ቺካጎ በሦስተኛው ማይክል ጆርዳንን አገኘ። ፖርትላንድ በጆርዳን ቦታ የሚጫወተውን ክላይድ ድሬክስለርን ከዓመት በፊት ስለወሰደ የጎደለው ረጅም የመሀል ተጫዋች ነበር። እኔ እንደማየው የፖርትላንድ ጥፋት የጎደለውን መፈለጉ ብቻ አልነበረም። ቦዊ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ኮሌጅ እያለ ሁለት የውድድር ዘመን ሙሉ አልተጫወተም፤ ክለቡ ይህን እያወቀ ነው የመረጠው። ፖርትላንድ ከሄደም በኋላ እግሩ ደጋግሞ ተሰበረ።

ያም ሆኖ እኔ ከምርጡን ባዮች ወገን ነኝ። የ19 ዓመት ልጅ እስኪበስል ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ክለቡ ዛሬ የጎደለውን በዝውውር ሊሞላው፣ ዛሬ የተረፈውን ደግሞ በጉዳት ሊያጣው ይችላል። ችግሩ ምርጡ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው። በኋላ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች የተባለው ኒኮላ ዮኪች በ2014 የተጠራው 41ኛ ሆኖ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ክለቦች ማለት ይቻላል አልፈውት ነበር።

ከፖርትላንድ ይልቅ የሚያከራክረኝ ዲትሮይት ነው። በ2003 ከዓመታት በፊት በተደረገ ልውውጥ ባገኘው ሁለተኛ ተራ የ18 ዓመቱን ሰርቢያዊ ዳርኮ ሚሊቺችን መረጠ፤ በኋላ ኮከብ የሆኑትን ካርሜሎ አንቶኒን፣ ክሪስ ቦሽንና ድዌይን ዌድን አለፋቸው። በአንቶኒ ቦታ ቴይሾን ፕሪንስ ስለነበረ ክለቡ ሌላ አያስፈልገኝም አለ። በ2004 ዋንጫውን ስላነሳም ብዙ ሰው አልወቀሰውም። በ2006 ዲትሮይት በመደበኛው ውድድር 64 ጨዋታ አሸንፎ ሊጉን ሲመራ ሚሊቺች ወደ ኦርላንዶ ተሰዶ ነበር። በምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ዲትሮይትን 4 ለ 2 አሸንፎ ያስወጣው ዌድ የሚጫወትበት ማያሚ ነው፤ ዋንጫውንም ማያሚ ወሰደ።