«ፖሊሲ እኮ ሒሳብ አይደለም»፦ ስለ ሕዝብ ጉዳዮችና ፖሊሲ ዶክትሬት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሕዝብ ጉዳዮችና ፖሊሲ ሦስተኛ ዲግሪ እንዳለኝና ደብረ ብርሃን እንደምኖር ከታወቀ ወዲህ፣ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከምንጃርና ከሸዋ ሮቢት ፋይላቸውን በብብታቸው ይዘው የሚመጡ አመልካቾችን ማማከር ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ሥራዬ ሆኗል። አብዛኞቹ በወረዳና በዞን መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ፣ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ስለሆኑ መምጣታቸው አያስከፋኝም። የሚያታክተኝ፣ ተመካክረው የመጡ ይመስል ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር መድገማቸው ነው፦ «ዶክተር፣ ፖሊሲ እኮ ሒሳብ አይደለም።» ወደዚህ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ትንንሾቹን ላጥራ።

«ማስተርሴ በሌላ ትምህርት ስለሆነ አይቀበሉኝም» የሚለው ስህተት ነው። መስኩ ራሱ ከኢኮኖሚክስ፣ ከፖለቲካ ሳይንስ፣ ከሶሲዮሎጂና ከሥራ አመራር የተውጣጣ በመሆኑ የግብርና ባለሙያም ሆነ ነርስ ሊገባበት ይችላል። የሚጠየቀው የዲግሪው ስም ሳይሆን አመልካቹ የማይክሮ ኢኮኖሚክስና የስታቲስቲክስ መሠረት ያለው መሆኑ ነው።

«ያለ ማስተርስ የትም አይገባም» የሚለው ለአገራችን እውነት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ የሚቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ።

«ጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) የግድ ነው» ለሚሉ፦ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፣ የተዉትም ብዙ ናቸው። ከጓደኛ ከመስማት የማመልከቻውን መመሪያ ማንበብ ይሻላል።

«ሀብታም ያልሆነ ውጭ አገር ዶክትሬት አይማርም» የሚለው ከማስተርስ ጋር የተምታታ ነው። በአሜሪካ የሙሉ ጊዜ የፒኤችዲ ተማሪ በአብዛኛው በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት እየሠራ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ መተዳደሪያም ይቆረጥለታል። ክፍያው የሚከብደው በማስተርስ ነው።

«የማስተርስ ኮርሶቼ በሙሉ ይያዙልኛል፣ የሚቀረኝ ጽሑፉ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። ለምሳሌ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ለፒኤችዲ ቢያንስ 90 ክሬዲት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ከተወሰደ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሊያዝ የሚችለው እስከ 30 ክሬዲት ብቻ ነው። ስለዚህ በሦስት ዓመት ጨርሼ እመለሳለሁ ብሎ ለባለቤቱ ቃል የገባ ሰው ቃሉን ቢያሻሽል ይበጀዋል፤ እዚያ አምስት ዓመት የተለመደ ነው።

በፒኤችዲና ዲፒኤ በሚባለው የሕዝብ አስተዳደር ዶክትሬት መካከል ልዩነት የለም የሚሉትንም በአጭሩ ልመልስ። ፒኤችዲ ለመስኩ አዲስ ዕውቀት የሚጨምር ተመራማሪ ለማውጣት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዲፒኤ በሥራ ላይ ያለ ኃላፊ የመሥሪያ ቤቱን ችግር በተሻለ መንገድ እንዲፈታ የሚያበቃ የሙያ ዶክትሬት ነው። ወንበሩን መልቀቅ የማይፈልግና ማስተማር የማይመኝ ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እንዲያውም ወደ እኔ ከሚመጡት ግማሾቹ በትክክል የሚፈልጉት እርሱን ነው፣ ስሙን ስላልሰሙት እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ «ፖሊሲ እኮ ሒሳብ አይደለም» ወደሚለው። ባለፈው ዓመት በአንድ ወረዳ የመሬት አስተዳደር ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ያገለገሉ አንድ ሰው የጥናት ሐሳባቸውን ይዘው መጡ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያገኙ አርሶ አደሮች ከበፊቱ የበለጠ እርከን ይሠራሉ፣ ከበፊቱ የበለጠ ዛፍ ይተክላሉ፤ ይህንንም በወረዳው ሪፖርቶች አስደግፈው ለማሳየት አስበዋል። ጽሑፋቸው ያማረ ነበር። እኔም፣ «እነዚህ አርሶ አደሮች ደብተሩን ባያገኙ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው ቅር አላቸው። «እኔ እኮ በቦታው ነበርሁ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ» አሉኝ።

በቦታው መኖራቸውን አልተጠራጠርሁም። ነገር ግን ደብተሩ በተሰጠባቸው ዓመታት የተፋሰስ ልማት ዘመቻውም ነበረ፣ ስለዚህ እርከኑን የሠራው የዘመቻው ጉልበት ሊሆን ይችላል። የባሕር ዛፍ ገበያም ነበረ፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚኖር ሰው ባሕር ዛፍ ለመትከል ደብተር ሳይሆን ዋጋ እንደሚበቃው ያውቃል። በዚያ ላይ ደብተሩ ቀድሞ የደረሳቸው ቀበሌዎች ለመንገድ የቀረቡ ከሆኑ፣ ያየነው ለውጥ የደብተሩ ሳይሆን የመንገዱ ይሆናል። በአንድ ማሳ ላይ ሦስት አራት ምክንያቶች ተደራርበው ሳለ አንዱን መርጦ ማመስገን ሪፖርት ለመጻፍ ይበቃ ይሆናል፤ የዶክትሬት ሥራ ግን የሚጀምረው ምክንያቶቹን አንዱን ከሌላው ለመለየት ሲሞከር ነው። የዚህ መለያ መሣሪያው ስታቲስቲክስ ነው። አባቶች «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ያሉት ለእኛ መስክ ይመስለኛል።

ይህ ጥያቄ በእርግጥም ተጠንቷል። ከምሥራቅ ጎጃም የተሰበሰበ፣ ተመሳሳይ ቤተሰቦችን በተለያዩ ዓመታት የጠየቀ መረጃ የተጠቀሙ ተመራማሪዎች፣ ደብተር የተሰጣቸውንና ገና ያልተሰጣቸውን ደብተሩ ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ አነጻጽረው፣ ምዝገባው በአፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ የሚደረገውን ሥራ እንደጨመረ አሳይተዋል። ልብ ይባል፦ መደምደሚያቸው ከእኒያ ሰው መደምደሚያ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ እነርሱ «በምን አወቃችሁ?» ሲባሉ የሚመልሱት መኖሩ ነው፤ ሦስተኛ ዲግሪ የሚሰጠውም ለዚያ መልስ ነው።

ለዚህም ነው የአሜሪካ ፕሮግራሞች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአብዛኛው በኮርስ የሚሞሉት፦ ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት)፣ ሪግሬሽን (በነገሮች መካከል ያለውን ግንኙነት በቁጥር የሚለካ ዘዴ)፣ ምክንያትና ውጤትን መለያ ዘዴዎች፣ የጥናት ንድፍ፣ ከዚያም በሕዝብ ፋይናንስ፣ በሕዝብ አስተዳደር፣ በፖሊሲ ትንተና ወይም በአካባቢ ፖሊሲ የሚመረጥ ዘርፍ። «እኔ በቃለ መጠይቅ ነው የማጠናው፣ ከሒሳቡ አምልጫለሁ» የሚል ሰውም አላመለጠም። አንደኛ፣ የስታቲስቲክሱን ኮርስ እርሱም ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ማንን ለምን እንደጠየቀ፣ መልሱን እንዴት እንደፈረጀና የሚቃረነውን ምስክር የት እንዳደረሰው ይጠየቃል፤ ይህ ከሪግሬሽን ይቀላል ያለው ማን ነው?

አንድ ብልህ የመንዝ ልጅ አሜሪካዊቷን ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮምን ጠቅሶ ሊረታኝ ሞክሮ ነበር። እውነት ነው፣ ኦስትሮም በዩሲኤልኤ (በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ) ኢኮኖሚክስ ለመማር ጠይቀው የሒሳብ ዝግጅት ስለጎደላቸው ሳይቀበሏቸው ቀርተው፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ዶክትሬታቸውን በፖለቲካ ሳይንስ ያዙ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ልጁ ያልነገረኝ ቀጣዩን ነው። የመመረቂያ ጽሑፋቸው በደቡብ ካሊፎርኒያ የከርሰ ምድር ውሃ ተጠቃሚዎች ውሃቸውን እንዴት እንዳስተዳደሩ በዝርዝር የመረመረ ነበር፤ በኋላም የጋራ ሀብት አስተዳደር ታሪኮችን ከብዙ አገር ሰብስበው በአንድ መለኪያ አወዳደሩ፣ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብን (የአንዱ ውሳኔ በሌላው ውሳኔ ላይ ሲመሠረት ሰዎች እንዴት እንደሚመርጡ የሚያጠናውን)ና የቤተ ሙከራ ጥናትን ተጠቀሙ። ከአንድ በር ቢመለሱም ዘዴውን በሌላ በር ተምረውታል። ልጁ ሊያጠና የፈለገው በመንዝ ያለውን የጓሳ የጋራ ሣር ምድር ሥርዓት ነበር፤ አባቶች ሣሩን ለዓመታት ከአጫጅና ከከብት ዘግተው በወቅቱ የሚከፍቱበትን፣ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የፈረሰውን ሥርዓት። ከዚህ የበለጠ ርዕስ አላውቅም። ነገር ግን «ሥርዓቱ ጥሩ ነበር» ማለት ጥያቄ አይደለም። ከምን ጋር ሲነጻጸር? በየትኛው ዘመን? አዋጁ ባይኖርስ የሕዝቡ መብዛት ብቻውን ያፈርሰው ነበር ወይ? ልጁ እነዚህን ጥያቄዎች ጽፎ ይዞ ሄደ፤ ከመጡት ሁሉ ተስፋ የጣልሁበት በእርሱ ነው።

ምክሬ ከዚህ ይነሳል። ለማመልከት ያሰበ ሰው ከዓመት አስቀድሞ አንድ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ከነመልመጃው ይጨርስ፤ በነፃ የሚገኘውን አር የተባለ ሶፍትዌር ይልመድ፤ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ከዓለም ባንክ ጋር ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለያዩ ዙሮች የሰበሰበውንና ለተመራማሪ ክፍት የሆነውን የኢትዮጵያ የማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት መረጃ አውርዶ አንድ ትንሽ ጥያቄ ይመልስበት። ይህን ያደረገ ሰው የማመልከቻ ጽሑፉ ከሌሎቹ ተለይቶ ይታያል።

ስለ ድጋፍ ደብዳቤም ዝም ማለት አልችልም። የእኛ ሰው ደብዳቤው ትልቅ ባለሥልጣን ከፈረመበትና ክብ ማኅተም ካረፈበት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። «ለሚመለከተው ሁሉ፣ አቶ እገሌ ታታሪና ሥነ ምግባር ያላቸው ሠራተኛ መሆናቸውን እየገለጽን» የሚል ደብዳቤ የቅበላ ኮሚቴውን ምንም አይነግረውም። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው አመልካቹ ምርምር መሥራት መቻሉን ስለሆነ፣ የማስተርስ ጽሑፉን ያማከረ አንድ መምህር፣ አመልካቹ የት ላይ እንደተቸገረና እንዴት እንደተወጣው ዘርዝሮ ቢጽፍለት ከቢሮ ኃላፊ ፊርማ ይበልጥበታል።

ብዙዎች ጨርሶ ሰምተውት የማያውቁት ደግሞ ኮምፕረሄንሲቭ ፈተና አለ። ኮርሱ ሲያልቅ፣ የጥናት ንድፉ ቀርቦ ከመጽደቁ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚፈትነው አንድ ኮርስ ሳይሆን መስኩን በሙሉ ነው፤ ያላለፈ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ አይሸጋገርም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሙከራ ወድቄበታለሁ። ያነበብኩትን ሁሉ ዘርግፌ ጻፍሁ፤ አንዱ ፈታኝ ከወረቀቴ ግርጌ «ማን ምን እንዳለ ነግረኸናል፣ ማን እንደተሳሳተ አልነገርኸንም» ብሎ መለሰልኝ። ለሁለተኛው ሙከራ ከስድስት ወር በላይ ተዘጋጀሁ።

በመጨረሻ፣ «ጊዜ አለ፣ ከጥምቀት በኋላ እንነጋገራለን» ለሚሉኝ፦ አብዛኞቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ማመልከቻ መቀበል የሚያቆሙት በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ነው።